የሙያ ክበብ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል፦ ጅማ ላይ የትኛው ያዋጣል?

መስከረም ላይ የክበባት ዝርዝር ይለጠፋል። ሚኒ ሚዲያው፣ ቀይ መስቀሉ፣ የአካባቢ ጥበቃው ሁሉም ቦታቸውን ይይዛሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙያና ቴክኒክ ትምህርት መማር ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ «የሙያ ክበብም እናቋቁም» የሚል ሐሳብ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይነሳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገሩ የሚበላሸው «ታዲያ ማን ማሽን ይለግሰናል?» የሚለው ጥያቄ ሲከተል ነው።

የሙያ ክበብ በማሽን እጦት ሲሞት እምብዛም አይታይም። የሚገድለው በየሳምንቱ የሚያልቀው ነገር ነው፦ ምስማር፣ ክር፣ ኮላ፣ ዘር፣ ባትሪ ድንጋይ። በልግስና የመጣ የስፌት መኪና ክር የሚገዛለት ካጣ ብዙም ሳይቆይ አቧራ ለብሶ ጥግ ይይዛል። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በዋነኛነት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ ሙያ የሚሆን፣ ከተማው በየቀኑ የሚጥለው ነገር አለ ወይ? ጅማ ቁርጥራጭ እንጨት ትጥላለች፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትጥላለች፣ የቡና ገለፈት ትጥላለች፣ የተበላሸ ራዲዮና ቻርጀር ትጥላለች። ሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎች ይህን ይከተላሉ፦ አንድ መሣሪያ ስንት ልጅ ያሠራል? ልጁ ሲሳሳትስ የሚበላሸው እንጨቱ ነው ወይስ እጁ?

ከሙያው በፊት፦ ከትምህርቱ ጋር ይያያዝ ወይስ ለብቻው ይቁም?

ለብቻው የሚቆም ክበብ ነፃነት አለው። የፈለገውን ይሠራል፣ የፈለገውን ተማሪ ይቀበላል፣ ዕቅዱን ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር ማጣጣም አይጠበቅበትም። ችግሩ የቆመው በአንድ መምህር በጎ ፈቃድ ላይ መሆኑ ነው። መምህሩ ሲዛወር ክበቡም ቁልፉም አብረው ይሄዳሉ።

ከሙያና ቴክኒክ ትምህርቱ ጋር የተያያዘ ክበብ ግን መምህሩ ቢቀየርም የትምህርት ዓይነቱ ስለሚቀጥል ባለቤት አያጣም። አሜሪካውያን የግብርና ተማሪዎችን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲያቋቁሙ ከግብርናው ክፍል ጋር ያስተሳሰሩት ሲሆን፣ ዛሬ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጭምር ይዞ ቀጥሏል። እኔም ማያያዙን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን የክበቡ ሥራ ማርክ እንዳይያዝበት። ማርክ የገባ ዕለት ልጁ በርጩማውን የሚሠራው ለአሥር ነጥብ ይሆናል፤ ጠማማ እግር የወጣለት ልጅ ደግሞ እንደገና ከመሞከር ይልቅ የጓደኛውን ሥራ ተውሶ ያሳያል።

የእንጨት ሥራ

ጅማ ላይ ስለ እጅ ሙያ ሲነሳ ማንም መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ ተገቢም ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከከተማው ስም ጋር አብሮ ይጠራል። በየሰፈሩ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው በር ላይ ለማገዶ የሚሄድ ቁርጥራጭ ይገኛል። ጣውላ ይግዙ አልልዎትም። ከሁለት ወይም ከሦስት አናጢዎች ጋር ተነጋግረው፣ በሳምንት አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ትምህርት ቤት እንዲደርስ ያድርጉ። ማገዶነቱ ለእነሱም ዋጋ ስላለው አንዳንዱ ትንሽ ገንዘብ ይጠይቅ ይሆናል፤ ቢሆንም ከጣውላ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መሣሪያው ቀላል ነው፦ የእጅ መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ሜትር፣ ጉጠት፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ፣ እንጨቱን ጠብቆ የሚይዝ ሞርሳ። ሞርሳውን ብዙዎች ይረሱታል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ በአንድ እጁ እንጨት ይዞ በሌላው መጋዝ የሚጎትት ከሆነ የሚቆረጠው እጁ ነው። ገንዘብ ካጠረዎት መጋዙን ቀንሰው ሞርሳውን ይግዙ። የኤሌክትሪክ መጋዝና መላጊያ ግን ቢሰጡዎትም ለዚህ ዕድሜ አይቀበሉ።

አንድ ሙሉ የመሣሪያ ስብስብ አራት ልጅ ያሠራል፦ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ከዚያ ይቀያየራሉ። አራት ስብስብ ካለዎት 16 ልጅ ነው፤ 60 ስም መዝግበው 60 ልጅ አሠራለሁ ብለው አያስቡ።

መጀመሪያ ምን ይሠራ? የጅማን በርጩማ ለመሥራት መሮና መጥረቢያ የለመደ እጅ ስለሚያስፈልግ በአንደኛው ዓመት አይሞክሩት። የጠመኔ ሣጥን፣ የመጽሐፍ መደገፊያ፣ የሰሌዳ ማጥፊያ እጀታ፣ ከዚያ አራት እግር ያለው ትንሽ መቀመጫ። የተሰበሩ የክፍል ዴስኮችን መጠገን ደግሞ ከሁሉ የሚሻል ልምምድ ነው። ርእሰ መምህሩ ሥራውን በዓይኑ ስለሚያየው በሚቀጥለው ዓመት ኮላና ምስማር ለማስፈቀድ አይቸገሩም።

ክበቡ ከጠነከረ ለጉብኝት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ያስተዳደሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ልጆቹ የንጉሥ ታሪክ ብቻ ሰምተው እንዳይመለሱ፤ ምሰሶው ከጣሪያው ጋር እንዴት እንደተጋጠመ፣ የሰገነቱ መከለያ እንዴት እንደተሠራ ይመልከቱ፣ በእርሳስም ይሳሉ። መግባት መቻሉን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

የእንጨት ሥራ ጠላቱ የጅማ ዝናብ ነው። ክረምቱ ከባድ ነው፣ የበልጉም ዝናብ ቀላል አይደለም። እርጥብ ቁርጥራጭ ዛሬ ቀጥ ብሎ ተጋጥሞ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ኮላውም አይዝም። ጆንያው እንደ ደረሰ ከጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደርደር። ይህን ማድረግ የማይችል ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራን በሁለተኛ ደረጃ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

የጓሮ አትክልትና የቡና ችግኝ

ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ያዘነብላል፤ ምክንያቱም ርካሽ ይመስላል። ዘሩ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ውዱ አጥሩ ነው። የሰፈር ፍየል የምትገባበት ግቢ ይዘው ቆስጣ ቢተክሉ የሚያመርቱት ለፍየሏ ነው፤ ስለዚህ አጥሩን ሳይጨርሱ መደብ አያስቆፍሩ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥቂት መቆፈሪያ፣ መኮትኮቻና ውኃ ማጠጫ ይዘው 40 ልጅ ማሠራት ይቻላል፤ ከእንጨት ሥራ ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ የሚበልጥ ልጅ ያቅፋል። ሰላጣና ቆስጣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይደርሳሉ፣ ካሮት ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። ትዕግሥት ለሌለው ዕድሜ ሰላጣው ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ውስጥ የሚታይ ነገር ካልወጣ ግማሹ ልጅ ወደ ኳስ ሜዳ ይሄዳል።

ጅማ ላይ ግን በአትክልት ብቻ መወሰን ያስቆጫል። ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ ነው፤ ያ ጊዜ ትኩስ ዘር የሚገኝበት ነው። ቡና ዘር ሲቆይ የመብቀል አቅሙ እየደከመ ስለሚሄድ ትኩስነቱ ትልቅ ነገር ነው። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ዳስ ሥር በተዘጋጀ መደብ ወይም በችግኝ ፕላስቲክ ተዘርቶ፣ በጉዝጓዝ ተሸፍኖ ውኃ ከጠጣ፣ ለመብቀል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅበታል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ዝናቡ ይገባል፤ ተማሪው በክረምቱ ቤቱ የሚተክለውን ችግኝ ይዞ ይወጣል። የቡናው አቆጣጠርና የትምህርት ቤቱ አቆጣጠር እንዲህ የሚገጥሙበት ሌላ ሙያ አላውቅም።

ዕንቅፋቱ ያለው መሐል ላይ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ነው፣ የወሰነ ትምህርቱ ዕረፍትም እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ችግኙ ዕረፍት የለውም። የውኃ ማጠጫ ተራ በስም ተጽፎ፣ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሠራተኛም ተነግሮ ካልተያዘ የሦስት ወር ሥራ በአሥር ቀን ይደርቃል። የለቀማው ወቅት ራሱም ልጆችን ከትምህርት ገበታ ይስባል፤ ከከተማው ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በዚያ ወቅት ከባድ ሥራ አያቅዱ።

ከተማው የሚጥለው ደግሞ እዚህ ላይ በብዛት አለ። የቡና ገለፈት ከመፈልፈያ ቤቶች በጆንያ ይገኛል። ከሣርና ከእበት ጋር ተደርቦ ሦስት ወር ገደማ ከበሰበሰ ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። ሳይበሰብስ በቀጥታ ችግኝ ሥር ማፍሰስ ግን ችግኙን ይጎዳል።

ለእውቀት ምንጭም ጅማ ታድላለች። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ቡና ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ገበሬው በቁጥር ብቻ የሚጠራው 74110 የተባለው ዝርያ የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋም ተመርጦ የተለቀቀ ነው፤ ፊት ላይ ያለው 74 የተመረጠበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ይህን የሰማ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በችግኙ ፕላስቲክ ላይ ቀንና የዘር ምንጭ መጻፍ ለምን እንዳስፈለገ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ልብስ ስፌት

ይህን ሙያ ሁለት ነገር ይጎዳዋል። አንደኛው «መኪና ከሌለ አይጀመርም» የሚለው እምነት ነው። ይጀመራል፤ በእጅ መርፌ። መርፌ፣ ክር፣ መቀስና ሜትር ይበቃል፤ ጅማ መርካቶ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ሥር የሚጠረገው ቁርጥራጭ ጨርቅ ደግሞ በፌስታል ይሞላል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መርፌ ስለሚይዝ ተራ መጠበቅ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁልፍ መትከል፣ የተቀደደ ዩኒፎርም መስፋት፣ ጠርዝ ማጠፍ፤ ቀጥሎ የደብተር ቦርሳ፤ ከዚያ ታጥቦ በድጋሚ የሚያገለግል የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ። የመጨረሻው በብዙ ትምህርት ቤት በወር ጥቂት ቀን ከክፍል የምትቀር ልጅ ስላለች ብቻ እንኳ ክበቡን ሊያስከፍት ይገባዋል። ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ መሆን አለበት፤ ለዚህ ከወለል የተጠረገ ቁርጥራጭ አይሆንም፣ መግዛት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳት ሴቶችን ወደ ስፌት፣ ወንዶችን ወደ እንጨት መንዳት ነው። እስቲ መርካቶ ወርደው በስፌት መኪና የተቀመጠውን ሰው ይዩ፤ አብዛኛው ወንድ ነው። ምዝገባው በዕጣ ይሁን፣ ወይም ሁሉም በአንደኛው ወሰነ ትምህርት ሁለቱንም ይሞክር።

ከአምስቱ አማራጮች በትንሹ ገንዘብ፣ በትንሹ ቦታና በትንሹ አደጋ የሚጀመረው ይህ ነው። ባዶ ግቢ፣ ባዶ ካዝናና አንድ ትርፍ የመማሪያ ክፍል ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ሌላ ባያስብ ይሻለዋል።

ኤሌክትሪክና ጥገና

ልጆች ያለ ቅስቀሳ የሚመዘገቡበት ክበብ ይህ ነው። ጥገና ቤቶች ተስፋ የቆረጡባቸውን ራዲዮኖች፣ የእጅ ባትሪዎችና ቻርጀሮች በደስታ ይሰጣሉ። ዕቃውን ፈትቶ ማየት ብቻ የአንድ ወር ትምህርት ይሆናል፦ መዘውሩ የት አለ፣ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ለምን ማግኔት ገባ፣ ገመዱ የት ተቋረጠ።

እዚህ ግን መስመሩ መሰመር ያለበት ከመጀመሪያው ቀን ነው። የክበቡ ኃይል 1.5 ቮልት የሆነው ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ተደርድሮ። ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ክበቡ ውስጥ አይገባም፤ «መምህሩ እያየ» ተብሎም አይገባም። ጀርባው ወፈር ያለ የድሮ ቴሌቪዥን ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ማንም ቢለግስ አይቀበሉ። ያበጠ የሞባይል ባትሪም እንዲሁ፤ ከተበሳ በእሳት ይያያዛል። የመበየጃ ካውያ ለስምንተኛ ክፍል፣ መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፣ አንድ ካውያ ለሁለት ልጅ፤ ለሰባተኛ ክፍል ግን ገመድ በመጠምዘዝ መሥራት ይበቃል።

ከሁሉም አማራጮች የሚያውቅ መምህር የግድ የሚለው ይህኛው ነው። የፊዚክስ ወይም የአጠቃላይ ሳይንስ መምህሩ ፈቃደኛ ካልሆነ ይተዉት። ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችን መጋበዝ ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ የቆየ ልማድ አለው። ሆኖም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፈተና ሰሞን ይጠፋል። የክበቡ መሪ ሳይሆን የክበቡ እንግዳ ይሁን።

ኮምፒውተር

ወላጆችን ሰብስበው ቢጠይቁ በእጅ ብልጫ የሚያሸንፈው ይህ ነው። በመንግሥት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ፍላጎቱን አንሮታል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ክበብ አልመርጠውም፤ ምክንያቱም ከላይ ያነሳሁት ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያጣል። ከተማው የሚጥለው የሚሠራ ኮምፒውተር የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ክበቡ ይበተናል፣ የላቦራቶሪው ቁልፍ ከአንድ ሰው ኪስ አይወጣም፣ አንድ ኮምፒውተር ፊት አራት ልጅ ሲቀመጥ ሦስቱ ተመልካች ናቸው።

አሥርና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላሉት ትምህርት ቤት ነገሩ ይለያል። ስክራች የተባለው የልጆች ፕሮግራም መጻፊያ በነፃ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በእሱ ትንሽ ጨዋታ የሠራ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ጽሑፍ ሲተይብ ከከረመው ይበልጥ ይማራል።

ምግብ ዝግጅትና ሳሙና

እነዚህን ባጭሩ። ምግብ ዝግጅት ሁሉም ይወደዋል፤ ግን የሚፈጀውን ማንም አይጥልም፣ የተሠራው ደግሞ በዕለቱ ተበልቶ ያልቃል። ረመዳን፣ ዐቢይ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ ጅማ ላይ ሁሉም ልጅ አብሮ የሚቀምስበት ቀን ጥቂት ነው። ሳሙናን በተመለከተ ካስቲክ ሶዳ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ በ13 ዓመት ልጅ እጅ ሊገባ አይገባም። ነጥቡ እዚህ ላይ ያበቃል።

አንድ ሙያ ወይስ ብዙ ዘርፍ? መሸጥስ?

አምስት ዘርፍ ያለው ክበብ በወረቀት ያምራል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣም ለማሳየት ይመቻል። በተግባር ግን አምስት ቁም ሣጥን፣ አምስት ቁልፍና አምስት መምህር ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሙያ፣ 24 አካባቢ ልጅ፣ ሁለት መምህር። ሁለት ያልኩት ሁለቱም ቁልፍ እንዲኖራቸው ነው። ቦታ ካለዎት ሁለተኛ ዘርፍ የሚጨመረው በሁለተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ገብተው አዲሶቹን ማሳየት ሲችሉ ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ከመጋቢት በኋላ ለክልሉ ፈተና ስለሚዘጋጁ ግን እስከዚያ ድረስ ብቻ ይቁጠሩባቸው።

የመሰብሰቢያ ቀንም ምርጫ ነው። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፤ ብዙ ልጅ ቤተሰቡን ያግዛል። ዓርብ የጁምዓ ሰላት አለ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ደግሞ የጠዋቱን ፈረቃ ልጆች ከሰዓት፣ የከሰዓቱን ጠዋት ከመጥራት ይልቅ ክበቡን ለአንድ ፈረቃ ብቻ ቢከፍት ይቀለዋል። ፍትሐዊ አይመስልም፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላው ፈረቃ ይሁን።

መሸጥን በተመለከተ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው «ክበቡ ራሱን ይቻል» ይላል። ሁለተኛው ምንም አይሸጥ ይላል። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ በዓመት አንዴ፣ በወላጆች ቀን፣ የተረፈው ይሸጥ፤ ገንዘቡ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል በደረሰኝ ገብቶ ለክርና ለኮላ ይዋል። ከውጭ ትእዛዝ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ነጋዴ 50 በርጩማ ያዘዘ ዕለት ክበቡ ወርክሾፕ ሆነ ማለት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የሰባተኛ ክፍል ልጆች አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው።

ለየትኛው ትምህርት ቤት የትኛው?

ሰፊ ግቢና የቆመ አጥር ካለዎት ችግኝና አትክልት። መሐል ከተማ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ለአናጢዎች ቅርብ ከሆኑና ደረቅ መጋዘን ካለዎት የእንጨት ሥራ። ምንም ከሌለዎት ስፌት። ፈቃደኛ የፊዚክስ መምህር ካገኙ ኤሌክትሪክ፣ በባትሪ ድንጋይ ብቻ። የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በቂ ከሆኑና ቁልፉ ከተገኘ ስክራች። ሁለት አማራጭ እኩል ቢሆንብዎት መምህሩ ራሱ ቤቱ የሚሠራውን ይምረጡ፤ ጓሮው ውስጥ ጎመን የሚኮተኩት መምህር ስለ ጎመን ሲያስተምር ልጆቹ ያምኑታል።

ልጆቹን ከመመዝገብዎ በፊት በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ። በመረጡት ሙያ ወደ ሚሠሩ ሦስት ቤቶች ሄደው ማታ የሚጠርጉትን ለትምህርት ቤቱ እንዲያስቀምጡ ይጠይቁ። አንድ የሚቆለፍ የብረት ቁም ሣጥንም ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት በፊርማ ይረከቡ። ሦስቱም ቤቶች እምቢ ካሉ ሙያውን ይቀይሩ፤ ቁም ሣጥኑ ከሌለ ደግሞ ምዝገባውን አንድ ወር ያዘግዩት።